የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሥራ የመፍጠር ችሎታ ስለ ማስለመድ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚፈጽመው ወጣት ቍጥር በየዓመቱ እየበዛ ሲሄድ በመሥሪያ ቤቶችና በኩባንያዎች የሚገኘው የደመወዝ ሥራ በዚያው ልክ እንደማይጨምር የታወቀ ነው። ወላጅ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ያስተማረው ልጅ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር ማየት ለቤተሰቡም ለመንግሥትም ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ትምህርት ቤት ተማሪውን ሥራ ለመፈለግ ብቻ ሳይሆን ሥራን ራሱ አስቦ ለመጀመር ሊያዘጋጀው ይችላልን? ቢችልስ በምን ዓይነት መንገድ ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመን ጀምራ ስትመረምር የቆየችው ጎረቤት አገር ኬንያ ስለሆነች፣ እዚያ የተሞከረውንና ከሙከራው የተገኘውን ልምድ ማወቅ ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሹማምንት የሚጠቅም ነው። በተለይም በዋና ከተማዋ በናይሮቢ ዌስትላንድስ የሚባለው ክፍል ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳይ ስፍራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዌስትላንድስ ሁኔታ

ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መካከለኛ ክፍል በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ የንግድና የመኖሪያ ስፍራ ነው። ዋያኪ የተባለው ሰፊ አውራ መንገድ በዚያ ያልፋል፤ ስሙም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የእንግሊዞችን ኩባንያ የተቃወመውን የኪኩዩ አለቃ ዋያኪ ዋ ሒንጋን የሚያስታውስ ነው። ሳሪት ሴንተር የተባለው ትልቅ የገበያ ሕንፃ በ1983 በዚህ ስፍራ ተከፈተ። በ2022 ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ፈጣን መንገድ ከምሎሎንጎ ተነሥቶ እስከ ዌስትላንድስ ድረስ ተሠርቶ ለተሽከርካሪ ክፍት ሆነ። ባንኮች፣ ሆቴሎችና የልዩ ልዩ ኩባንያዎች መሥሪያ ቤቶች በረዣዥም ሕንፃዎች ውስጥ ይገኛሉ።

ነገር ግን በዚያው መንገድ ወደ ምዕራብ ጥቂት ሲጓዙ፣ በዚሁ በዌስትላንድስ የምርጫ ክልል ውስጥ፣ ካንጌሚ የሚባል ሕዝብ የበዛበት ሰፈር አለ። በዚያ አናጢው፣ ብረት በያጁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙና አትክልት ሻጯ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወይም ያለ ጥላ ሥራቸውን ሲሠሩ ይውላሉ። ኬንያውያን ይህን የመሰለውን ሥራ በስዋሒሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው። አነስተኛው እርሻ ሳይቈጠር፣ በኬንያ ሥራ ካላቸው ከ100 ሰዎች ከ80 የሚበልጡት የሚተዳደሩት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

እንግዲህ በዚያ አካባቢ የሚማር ወጣት በየቀኑ ሁለቱንም ያያል። ዓይኑ የሚያርፈው በረዣዥሞቹ ሕንፃዎች ላይ ሲሆን፣ በቍጥር ሲታሰብ ግን እንጀራው የሚገኘው ከፀሐይ ሥር ባለው ሥራ ዘንድ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ትምህርት ቤቱ ይህን ዕድል እንደ ውርደት ቈጥሮ ዝም ቢለው ተማሪው ሳይዘጋጅ ይገባበታል፤ አስቀድሞ ቢያስተምረው ግን በሒሳብና በዕቅድ ይገባበታል።

ከገዢው ስለ መማር

የሳፋሪኮም የስልክ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በዚሁ በዋያኪ መንገድ ዳር ነው። ኩባንያው ኤም ፔሳ የተባለውን በእጅ ስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት በኬንያ በ2007 ለሕዝብ አቀረበ። በኢትዮጵያም ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆኖ የስልክ አገልግሎት በ2022፣ ኤም ፔሳንም በ2023 መጀመሩ ለአንባቢ የታወቀ ነው።

የኤም ፔሳ አጀማመር ሥራ መፍጠር ምን እንደሆነ ለተማሪ በግልጥ ያስረዳል። በ2005 ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ጥቃቅን ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሆኖም ለሙከራ የተመረጡት ሰዎች አገልግሎቱን ላልታሰበ ጕዳይ አዋሉት፤ አንዱ በሩቅ ላለ ዘመዱ ገንዘብ ላከበት፣ ሌላው መንገድ ሲሄድ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ላለመጓዝ አስቀድሞ አስገብቶ በደረሰበት አገር አወጣው። አዘጋጆቹ ይህን ተመልክተው የመጀመሪያውን ዕቅዳቸውን ለወጡና ገንዘብ መላክን ዋና ሥራቸው አደረጉት። ስለዚህ ሥራ ፈጣሪ የሚባለው ታላቅ ሐሳብ ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ገዢው በእውነት የሚያደርገውን አይቶ ሐሳቡን ለማረም የማያፍር ሰው ጭምር ነው።

ሁለተኛውም ትምህርት ከዚሁ ሥራ ይገኛል። ኤም ፔሳ ለሕዝብ የሚደርሰው በየመንደሩ በተቀመጡ ወኪሎች አማካይነት ነው። ወኪሉ አንዱን ገንዘብ በመሳቢያው በጥሬው፣ ሌላውን በስልኩ በቍጥር ይይዛል፤ ደንበኛ ሲያስገባ አንዱ ይጨምራል ሌላው ይቀንሳል፣ ሲያወጣም እንዲሁ ይገለበጣል። ማታ ሁለቱ ተደምረው ከጠዋቱ ድምር ጋር ካልተስማሙ ስሕተት ወይም ጕድለት አለ ማለት ነው። እንግዲህ በትንሿ ሱቅ የተቀመጠው ወጣት ንግዱን የሚጠብቅለት የዕለት መዝገቡ ነው።

ኬንያ የሞከረቻቸው መንገዶች

በ1966 የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከትምህርት በኋላ የወጣቱ ዕጣ ምን ይሆናል? ብሎ የሚጠይቅ ጥናት አሳተመ። ከዚህም በኋላ ትምህርት የጨረሱ ልጆች በሰፈራቸው የእጅ ሥራ የሚማሩባቸው የመንደር የሙያ ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ። በ1972 የዓለም የሥራ ድርጅት የላከው የጥናት ቡድን በጁዋ ካሊ የሚሠራው ሕዝብ ሥራ ፈት እንዳልሆነና ለአገሪቱ ሀብት የሚጨምር ሠራተኛ እንደሆነ በማስረዳት ብዙ የዓለም መንግሥታት አስተያየታቸውን እንዲያርሙ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ሥርዓቱ ራሱ ተለወጠ። በ1985 ስምንት ዓመት ለአንደኛ ደረጃ፣ አራት ለሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ለዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ሥርዓት ሲጀመር እንጨት ሥራ፣ እርሻ፣ የቤት አያያዝና የንግድ ትምህርት ሰፊ ስፍራ አገኙ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ራሱን እንዲችል ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ሥራ ቤቱም መሣሪያውም፣ ሙያውን የሚያውቀውም መምህር አልተገኘም። ሕንፃውን እንዲሠራ የተጠየቀው ወላጅ ወጪው ከበደው፤ ተማሪውም መጋዝ ሳይጨብጥ ስለ መጋዝ ተፈተነ። ስለዚህ ብዙዎቹ የእጅ ሥራ ትምህርቶች ውለው አድረው ተቀነሱ።

በ1990 ገደማ በቴክኒክና በሙያ ትምህርት ቤቶች የሥራ ፈጠራ ትምህርት ለሁሉም እንዲሰጥ ተደረገ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ተበታትነው ይሰጡ የነበሩት የንግድ፣ የሒሳብ አያያዝና የኢኮኖሚክስ ትምህርቶች ቢዝነስ ስተዲስ በሚባል በአንድ ትምህርት ውስጥ ተጠቃለሉ። የዚህም ትምህርት የመጨረሻ ፈተና የሚሰጠው በጽሕፈት ነው። ከ2017 ጀምሮ የተሞከረውና የ1985ቱን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ የሚተካው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን ከሚያውቀው ይልቅ ሊሠራ የሚችለውን በመመዘን ተማሪውን ለማስተማር የታቀደ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው አንድ ነገር ነው። የትርፍንና የኪሳራን ትርጓሜ በቃሉ አጥንቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ አንዲት ሳሙና ሸጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሥራን የመፍጠር ችሎታ የሚለመደው ጥቂት ገንዘብ በእውነት ሲያዝበት፣ ያም ገንዘብ ሊጠፋ የሚችል ሲሆን፣ እያንዳንዱም ሳንቲም በመዝገብ ሲጻፍ ነው።

የተማሪዎች ኩባንያ አሠራር

ይህን ልምምድ በትምህርት ቤት ለማድረግ ከታወቁት መንገዶች አንዱ የተማሪዎች ኩባንያ ነው። አሠራሩን ያስፋፋው በ1919 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተጀመረው ጁኒየር አቺቭመንት የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገሮች፣ በኬንያም ጭምር ይሠራል። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው። ተማሪዎች በመምህር ወይም በበጎ ፈቃድ በሚመጣ ነጋዴ ጠባቂነት ተሰብስበው ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ጸሐፊ፣ የሥራ ኀላፊና የሽያጭ ኀላፊ ይመርጣሉ። ጥቃቅን አክሲዮን ሸጠው መነሻ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ዕቃ ሠርተው ይሸጣሉ፤ ጊዜው ሲያበቃም ሒሳባቸውን ዘግተው፣ ትርፍ ካለ ለባለ አክሲዮኖች አካፍለው ኩባንያውን ያፈርሳሉ። ማፍረሱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው፤ የሰውን ገንዘብ የወሰደ ሁሉ በመጨረሻ ሒሳብ ማቅረብ እንዳለበት ያስተምራልና።

ነገሩ እንዲገባ አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ 20 ተማሪዎች እያንዳንዱ 200 ሽልንግ የሚያወጣ 30 አክሲዮን ሸጠው 6,000 ሽልንግ አገኙ እንበል። ፈሳሽ ሳሙና ለመሥራት አስበው ለመሥሪያው ቅመም 3,600፣ ለጠርሙስ 900፣ በድምሩ 4,500 ሽልንግ አውጥተው 60 ጠርሙስ ሞሉ። ስለዚህ የአንዱ ጠርሙስ ወጪ 75 ሽልንግ ሆነ። ለማጓጓዣና ለመሸጫ ስፍራ ደግሞ 600 ሽልንግ ከፈሉ። አንዱን ጠርሙስ በ110 ሽልንግ ሒሳብ 50ውን በእጅ በእጅ ሸጠው 5,500 ሽልንግ ተቀበሉ፤ 6ቱን በዱቤ ሰጡ፤ 4ቱ ሳይሸጡ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ የተማሪዎቹ ክርክር ይጀመራል። አንዱ 5,500 ሽልንግ አተረፍን ይላል፤ እርሱ ሽያጭንና ትርፍን አልለየም። ሌላው 4,500 ቀንሶ ትርፉ 1,000 ነው ይላል፤ እርሱ የማጓጓዣውን 600 ረስቷል፤ በዱቤ የተሰጡትንና በመጋዘን ያሉትንም አልቈጠረም። ሒሳብ ጸሐፊው መዝገቡን ሲገልጥ ግን በሣጥኑ ውስጥ 6,400 ሽልንግ፣ በሰው እጅ 660 ሽልንግ፣ በመጋዘን በወጪው ዋጋ 300 ሽልንግ የሚያወጣ ሳሙና ይገኛል፤ ድምሩ 7,360 ነው። ከዚህ ላይ መነሻው 6,000 ሲቀነስ ትክክለኛው ትርፍ 1,360 ሽልንግ ይሆናል።

በዱቤ የወሰዱት ሰዎች ሳይከፍሉ ቢቀሩ ይህ ትርፍ ወደ 700 ሽልንግ ይወርዳል። ከ60 ጠርሙስ 6ቱን ብቻ ለማይከፍል ሰው መስጠት ትርፉን በግማሽ ያህል እንደሚበላው ተማሪው በገዛ ዓይኑ ያያል። ጎረቤትን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ዱቤ የሚሰጠው በስም፣ በቀንና በልክ ተጽፎ መሆን እንዳለበት ማንም ሳይመክረው ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ በመጨረሻ ይመጣል። 20ው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 6 ሰዓት ሠርተው እንደሆነ ድካማቸው 120 ሰዓት ነው። ትርፉ 1,360 ሽልንግ ለ120 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት ሥራ 12 ሽልንግ እንኳ አይደርስም። ታዲያ ይህ ሥራ ሰውን ያኖራልን? ዋጋው ይጨመር? ቅመሙ በብዛት በርካሽ ይገዛ? በ20 ሰው የተሠራው በ5 ሰው ይሠራ? ወይስ ሳሙናው ይቅርና ሌላ ይፈለግ? ይህን ጥያቄ ጠይቆ በቍጥር መልስ የፈለገ ተማሪ፣ ያ ሥራ ቢከስርበት እንኳ፣ ትምህርቱን አግኝቷል። በጓሮ ሱቅ ከፍተው ለዓመታት የሚደክሙ፣ ነገር ግን የገዛ ጉልበታቸውን ዋጋ አስበው የማያውቁ ሰዎች ብዙዎች ናቸውና።

ሊጠነቀቁበት የሚገባ

አንደኛ፣ መነሻው ገንዘብ ቢጠፋ የማንንም ቤት የማይጎዳ መሆን አለበት። ተማሪ ለዚህ ልምምድ ከአራጣ አበዳሪም ሆነ በስልክ ከሚሰጥ ፈጣን ብድር አንዳች መውሰድ አይገባውም።

ሁለተኛ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ከድኻው ተማሪ አቅም በላይ ሊሆን አይገባም። ገንዘብ የሌለው በሥራው ሰዓት ልክ ድርሻ ቢጻፍለት ልምምዱ ለባለጸጋ ልጆች ብቻ ከመሆን ይድናል። እንዲሁም ሴቶቹ ቀቅለው ወንዶቹ ገንዘቡን እንዳይይዙ ኀላፊነቱ በየተራ መዞር አለበት።

ሦስተኛ፣ ንግድና ቁማር አንድ አለመሆናቸውን መምህሩ በግልጥ ማስረዳት ይገባዋል። በኬንያ ከተሞች የእግር ኳስ ውርርድ በእጅ ስልክ ስለሚደረግ ብዙ ወጣቶች የዕለት ገንዘባቸውን ያጡበታል። ነጋዴ ኪሳራው ከወዴት እንደመጣ በመዝገቡ ሊያገኝና ሊያርም ይችላል፤ ተወራራጅ ግን የሚያርመው ነገር የለውም።

አራተኛ፣ በኬንያም በኢትዮጵያም ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የትምህርት ቤት ልምምድ ሆኖ በመምህሩ ኀላፊነትና በወላጅ ፈቃድ መካሄድ፣ የጥናትም ሰዓት የማይነካ መሆን አለበት። እንደ ሳሙና ያለው ዕቃ ሲሠራም ዓይንና ቆዳ እንዳይጎዳ ዐዋቂ ሰው መገኘት ግዴታ ነው።

ለኢትዮጵያ ከተሞች የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የንግድ ትምህርት አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943 ተቋቁሞ ለመሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች ብዙ ጸሐፊዎችንና ሒሳብ ያዦችን አፍርቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሥራ ፈጠራ ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች ይሰጣል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ100 ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም.ም ውጤቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። እንግዲህ ይህ ትምህርት እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ድረስ ከዘገየ፣ እጅግ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ሳያገኙት ይቀራሉ ማለት ነው።

ለጀማሪ የሚሆን መሠረትም በሕዝቡ ልማድ ውስጥ አለ። ኬንያውያን ቻማ የሚሉት የቍጠባ ማኅበር በኢትዮጵያ እቁብ ነው። እቁብ የገባች እናት ያላት ልጅ ገንዘብ በተራና በእምነት እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ምን እንደሚሠሩ ከቤቷ ታውቃለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ምሳሌ የሚያውቅ ተማሪ የአክሲዮንን ነገር ለመረዳት ረዥም ንግግር አያስፈልገውም። መምህሩ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ቢወስደው ይበቃል።

ይህን ሥራ ለመጀመር ከሁሉም ወገን የሚፈለገው ጥቂት ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ የሚቈለፍ ሣጥን ቢመድብ፣ የከተማው አስተዳደር በገበያ ቀን ለተማሪዎች አንድ የመሸጫ ስፍራ ያለ ኪራይ ቢፈቅድና ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር የሚያስረዳ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ቢልክ፣ የከተማው ነጋዴ ከሥራው አንድ ሰዓት ቈርሶ የገዛ ኪሳራውን ታሪክ ለተማሪዎች ቢያጫውት፣ ወላጅም ልጁ ሲከስር ከመሳደብ ይልቅ መዝገቡን አሳየኝ ቢለው መጀመሪያው ተገኘ ማለት ነው። የ1985ቱ የኬንያ ሙከራ በታላቅ ሕንፃና በብዙ መሣሪያ ላይ ተደግፎ ስለ ነበር መሣሪያው ሲጎድል ደከመ። መዝገብ፣ እርሳስና ጥቂት መነሻ ገንዘብ ግን በማንኛውም አውራጃ ሊገኙ ይችላሉ።

በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ ሁሉ ነጋዴ ይሆናል ማለት አይደለም። ሐኪም ወይም መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን እንኳ የሰውን ገንዘብ በታማኝነት መያዝን፣ የድካምን ዋጋ ማስላትንና ስሕተትን በጊዜ ማረምን ይዞ ይሄዳል። ደመወዝ ያላገኘው ደግሞ በሰፈሩ የጎደለው ምን እንደሆነ አይቶ፣ ወጪውንና ገቢውን ጽፎ፣ በትንሹ ለመጀመር ድፍረት ይኖረዋል። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር፣ ትምህርት ቤቱና ነዋሪው ተባብረው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ የተማሪዎች ኩባንያ እንዲቋቋም ቢያደርጉ ለልጆቻቸው የማይሰረቅ ሀብት እንዳወረሱ ይቈጠራል።